ሁለት ቀለም ያለው ሳንቲም፦ ወደ ቤተ ክርስቲያን እጅ የሚገቡ የጥንት ሳንቲሞችን መለየትና ዋጋቸውን ማወቅ



በአዴት ከተማና በይልማና ዴንሳ ገጠር፣ ከዚያም አልፎ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉት አጥቢያዎች፣ አሮጌ ሳንቲም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። አንዱ በሙዳየ ምጽዋት ይጣላል፤ ሌላው በስእለት ይመጣል፤ ሌላው ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ በኑዛዜ ይሰጣል። ልማት በሚሠራበት ስፍራም የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ እርከን ሲሠራ፣ የአጥር ወይም የሕንፃ መሠረት ሲወጣ፣ ከአፈር ጋር የሚገኝ አለ። ቀድሞ ሰው ገንዘቡን በማሰሮ አድርጎ ይቀብር ስለ ነበር ይህ የሚያስገርም አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ሳንቲሙ ከተገኘ በኋላ ነው። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ለካህናቱ ደመወዝ የሚቸገር አጥቢያ ባለበት አንድ የማይታወቅ ሰው መጥቶ፣ «ዳሩና መካከሉ የተለያየ ቀለም ያለው አሮጌ ሳንቲም ካላችሁ በብዙ ብር እገዛለሁ» ቢል፣ ኮሚቴው ምን ይመልስ? አንዳንዱ ተስፋ ተጥሎበት ምንም የማያወጣ ይሆናል። አንዳንዱ ግን በጥቂት ብር ከሄደ በኋላ የማይመለስ የሀገር ቅርስ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት የሚያስችል ዕውቀት ከሌለ አጥቢያው የሚታመነው በገዢው ቃል ብቻ ይሆናል። ይህንን ትምህርት ያዘጋጀነው ስለዚህ ነው። የትምህርቱም ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ የሳንቲም ዋጋ የሚታወቀው አስቀድሞ ማንነቱ ሲታወቅ ነው፤ ማንነቱ ሳይታወቅ የተጠረገ ወይም የተሸጠ ሳንቲም ግን ዋጋውን አጥቷል።

፩. ሁለቱ የመጀመሪያ ጥያቄዎች

ጌታችን ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ዲናሩን አስመጥቶ ያነሣው ጥያቄ ስለ መልኩና ስለ ጽሕፈቱ እንደ ነበር ወንጌሉን የምታነቡ አባቶች ታውቃላችሁ። ሳንቲምን የሚያጠኑ ሊቃውንትም እስከ ዛሬ የሚጀምሩት ከእነዚሁ ከሁለቱ ነው፦ በላዩ ያለው መልክ የማን ነው? በዙሪያው ያለው ጽሕፈት በምን ቋንቋ ነው፣ ምንስ ይላል? ከዚህ ቀጥሎ ስለ ማዕድኑ፣ ስለ ክብደቱና ስለ ስፋቱ ይጠየቃል። የዋጋ ጥያቄ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው።

በዚህ ረገድ ካህናት ከሌላው ሰው የሚበልጥ መሣሪያ በእጃቸው አለ። በሀገራችን ሳንቲሞች ላይ ዓመቱ የሚጻፈው በግዕዝ አኃዝ ነው፤ በአንዳንዶቹ የጥንት ሳንቲሞች ላይ ያለው ጽሑፍም ግዕዝ ነው። የቅኔ አገር በሆነው በጎጃም ግዕዝ የሚያነብ ሰው የሌለበት አጥቢያ እምብዛም አይገኝም። ለሩቅ ገዢ እንቆቅልሽ የሆነው ጽሕፈት ለመሪጌታውና ለዲያቆኑ ክፍት መጽሐፍ ነው።

፪. «ሁለት ቀለም» ሦስት ልዩ ልዩ ነገር ነው

አንድ ሳንቲም ሁለት ቀለም ኖሮት ሲታይ ከሦስቱ አንዱ ይሆናል።

ሀ. ቀለበትና ማዕከል። ከአንድ ማዕድን የተሠራ ክብ በሌላ ማዕድን ቀለበት ውስጥ በማሽን ኃይል ተጨምቆ የገባበት ነው። ይህ የዘመናችን ሥራ ነው።

ለ. ወርቅ የገባበት። በነሐስ ወይም በብር ሳንቲም ላይ በተመረጠ ስፍራ ብቻ ቀጭን ወርቅ የተለበጠበት ነው። ይህ የአክሱም ነገሥታት ሥራ ነው።

ሐ. ቅብ። አንዱ ማዕድን በሌላው ላይ ከላይ እስከ ታች ተቀብቶ፣ ሲፋቅ የውስጡ የሚታይበት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የማታለያ ሥራ ነው።

ሦስቱን በየተራ እንመልከት።

፫. ቀለበትና ማዕከል ያለው ሳንቲም

በዚህ ዓይነት ተሠርቶ በዘመናችን በሕዝብ እጅ እንዲዘዋወር የወጣው የመጀመሪያው የጣልያን 500 ሊሬ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1982 ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ተከትለውታል። የእኛም የ2002 ዓ.ም. የ1 ብር ሳንቲም ከዚሁ ወገን ነው፤ በአንድ ወገን አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን አለበት። ዓመቱ በግዕዝ አኃዝ ስለ ተጻፈ የማያውቅ ሰው የጥንት ሊመስለው ይችላል፤ ዋጋው ግን በላዩ የተጻፈው አንድ ብር ነው።

በሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳስቱ ሌሎች ሁለት አሉ። አንደኛው ኢየሩሳሌም ተሳልመው የተመለሱ ምእመናን የሚያመጡት የእስራኤል 10 ሰቅል ነው። በላዩ የተምር ዛፍና ሁለት ቅርጫት ተቀርጾበታል፤ ጽሑፉም በዛሬው የዕብራይስጥ ፊደልና በጥንቱ ፊደል ነው። ምስሉ ሆን ተብሎ ጥንታዊ እንዲመስል ተሠራ እንጂ ሳንቲሙ የቅርብ ጊዜ ነው። ሁለተኛው የግብፅ 1 ፓውንድ ሲሆን የፈርዖን ቱታንካሙን መልክ አለበት። የፈርዖን መልክ ስላለበት የፈርዖን ዘመን ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገጥማችሁ አትደነቁ። ሁለቱም በአገራቸው ገበያ ዕቃ የሚገዛባቸው ገንዘቦች ናቸው። ዩሮም ቢሆን 1 እና 2 ዩሮው እንዲሁ ባለ ሁለት ቀለም ነው።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው፦ ቀለበቱና ማዕከሉ ፍጹም ክብ ሆነው፣ መጋጠሚያቸው እንደ ክር ቀጥ ያለና በሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ሳንቲሙ የማሽን ሥራ ነው፤ ጥንታዊም አይደለም። የውጭ አገር ገንዘብ ከሆነ ወደዚያ አገር ለሚሄድ ሰው በሚገባው ምንዛሪ መስጠት ወይም መመዝገብና ማስቀመጥ ይቻላል፤ ብዙ ተስፋ ሊጣልበት ግን አይገባም።

፬. ወርቅ የገባበት የአክሱም ሳንቲም

በአንጻሩ እውነተኛው ጥንታዊ ባለ ሁለት ማዕድን ሳንቲም ከራሳችን ታሪክ የወጣ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም ያስቀርጹ ነበር። ከእነዚህም መካከል በነሐሱና በብሩ ላይ በተመረጠ ስፍራ ወርቅ የተለበጠባቸው አሉ፤ በአንዳንዶቹ በንጉሡ ራስ ዙሪያ እንደ አክሊለ ብርሃን፣ በሌሎቹ በመስቀሉ ላይ ወይም መካከል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሥራ በሌላ መንግሥት ገንዘብ ላይ የተለመደ አልነበረም።

የእነዚህ ሳንቲሞች ክብር ከወርቁ መጠን አይመጣም፤ ወርቁ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ቢመዘን ምንም አይባልም። ክብራቸው ከሚመሰክሩት ነገር ነው። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስብከት ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጻቸው ሳንቲሞች አናት ላይ የጨረቃና የክብ ምልክት ነበረ፤ ከተቀበለ በኋላ ባሉት ላይ ግን መስቀል ተተካ። የሀገራችንን ወደ ክርስትና መመለስ በጣት በሚያዝ ማዕድን ላይ የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። ከእርሱ በኋላ ከነገሡት አንዱ፣ ስሙ በግሪክኛ ፊደል ኡዋዜባስ ተብሎ የተጻፈው፣ በነሐስ ሳንቲሙ ላይ ራሱን በወርቅ ከብቦ፣ በጀርባው ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ የሚል ትርጉም ያለው የግሪክኛ ቃል አስቀርጿል። ሌላው፣ ስሙ መሐደየሰ በሚሉ ፊደላት የተጻፈው፣ በዚህ መስቀል ድል ትነሣለህ የሚለውን ቃል በግዕዝ አስቀርጿል።

ንጉሡ ስሙን «መሐደየሰ» ብሎ መጻፉ እንግዳ እንዳይሆንባችሁ፤ በጥንቶቹ ሳንቲሞች ላይ ግዕዙ የሚጻፈው አናባቢ ሳይለይ፣ ሁሉም በመጀመሪያው በግዕዙ ቤት ነበር። ስለዚህ «በዝ መስቀል» የሚለው «በዘመሰቀለ» ሆኖ ይታያል። ቃላቱም ሳይለያዩ በክቡ ዙሪያ ይሄዳሉ። አንባቢው መነሻውን አግኝቶ፣ ካዕብና ሣልስ ሳይጠብቅ፣ ፊደሉን ብቻ በወረቀት ላይ ይገልብጥ። ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ይፈለጋል።

መለያ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ሳንቲሙ ትንሽ ነው፤ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ይሆናል። በእጅ ስለ ተመታ ፍጹም ክብ አይሆንም፤ ምስሉም ከመካከል ወጣ ያለ ሊሆን ይችላል። ወርቁ እንደ ዘመኑ ሳንቲም ቀለበት ሆኖ ከዳር እስከ ዳር አይዞርም፤ በምስሉ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ በትንሽ ስፍራ ብቻ ይታያል። ነሐሱ በብዛት አረንጓዴ ወይም ጥቁር ዝገት ለብሶ ይገኛል።

እነዚህ ሳንቲሞች በብዛት የሚገኙት በትግራይና በኤርትራ ነው፤ ከባሕር ማዶም በየመንና በህንድ የአክሱም ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ በዚያም የጥንቱ ንግድ እስከ የት እንደ ደረሰ ታውቋል። በመሆኑም አንዱ በምዕራብ ጎጃም መሬት ውስጥ ቢገኝ፣ ከሳንቲሙ ይልቅ የተገኘበት ስፍራ ለታሪክ ትልቅ ጥያቄ ይሆናል። ገዢው ሳንቲሙን ወስዶ ስፍራውን ቢደብቅ፣ ወይም ቆፋሪው «ከወዴት እንዳገኘሁት አላስታውስም» ቢል፣ ግማሹ ዋጋ በዚያው ይቀራል።

፭. ቅብ ሳንቲምና ጠገራ ብር

ቅብ ሳንቲም ለማታለል መዋሉ በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1936 ዓ.ም. ተቀርጾ በ1937 ዓ.ም. ከወጣው ገንዘብ መካከል የመዳቡ 25 ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ሆኖ የተሠራ ሲሆን ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ይመሳሰል ነበር። አታላዮች መዳቡን ብር እየቀቡ በ50 ያሳልፉት ጀመር። ስለዚህ መንግሥት የ25 ሳንቲሙን ጠርዝ እንደ አበባ ቅጠል ገባ ወጣ አድርጎ እንደገና አስቀረጸው፤ ያን ጊዜ ማየት የተሳነውም ሰው በጣቱ ሊለየው ቻለ። ዛሬም ብር የተቀባ መዳብ ወይም ወርቅ የተቀባ ነሐስ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር፣ ጠርዙን በአጉሊ መነጽር መመልከት ይጠቅማል፤ እጅ የበዛበት ስፍራ ቅቡ ቀድሞ የሚለቀው ከጠርዙ ነው።

በአጥቢያዎቻችን ዕቃ ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚገኘው ጠገራ ብር፣ ማለትም ማርትሬዛ ነው። በላዩ 1780 የሚል ዓመት ስላለ ከ200 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ይመስላል። ነገር ግን የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ካረፈች በኋላ፣ ነጋዴው ሌላ ዓመት የተጻፈበትን አልቀበልም ስላለ፣ ይኸው ዓመት ሳይለወጥ በልዩ ልዩ አገሮች ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ ዓመቱ ብቻውን ዕድሜውን አይነግርም። ትክክለኛው ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህም ውስጥ 23.39 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። የቀድሞ ሰዎች በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ 7፣ በትከሻዋ ጌጥ ላይ 9 ዕንቁ መኖሩን ሳይቆጥሩ አይቀበሉም ነበር፤ ይህ ልማድ ዛሬም ይጠቅማል።

ክብደቱን በወርቅ ሠሪ ሚዛን ማረጋገጥ ይቻላል። ሌላው መንገድ ውኃ ነው፦ 5 ጠገራ በአንድነት ወደ 140 ግራም ይመዝናል፤ በሚሊ ሊትር በተከፈለ መስፈሪያ ውስጥ ሲገባ ውኃውን ወደ 14 ሚሊ ሊትር ከፍ ያደርገዋል። ክብደቱ ልክ ሆኖ ውኃው ከዚህ እጅግ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ማዕድኑ ሌላ ነው። ይህ የውኃ ፈተና ለጠገራ ብር ብቻ ነው፤ ከአፈር በወጣ ነሐስ ወይም ወርቅ በገባበት ሳንቲም ላይ ፈጽሞ አይደረግም። ማግኔትም ይረዳል፤ ወርቅና ብር በማግኔት አይሳቡም፤ የሚሳብ ከሆነ ውስጡ ብረት አለ ማለት ነው።

፮. ሳይጠርጉ መመዝገብ

በገጠራችን አሮጌ ዕቃ ሲገኝ መጀመሪያ የሚደረገው በሎሚ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ ማሸት ነው። ይህ ከቅን ልብ ቢመጣም ከሁሉ የከፋ ጉዳት ነው። የሎሚው ኮምጣጣነት ከወርቁ ሥር ያለውን መዳብ ይበላል፤ ያን ጊዜ ቀጭኑ ወርቅ የሚይዘው አጥቶ ይላቀቃል። አመዱና አሸዋው ደግሞ ፊደሉን ይፍቃሉ። አንድ ጊዜ የተፋቀ ፊደል በምንም ብልሃት አይመለስም።

ስለዚህ ሳንቲም ሲገኝ ኮሚቴው የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንዲይዝ እንመክራለን፦

1. ከጠርዙ ብቻ ይያዝ። አፈሩ እንዳለ ይቆይ፤ አይታጠብ፣ አይታሽ።
2. በሁለቱም ወገን ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ ፎቶግራፍ ይነሣ።
3. ስፋቱና ክብደቱ ይለካ፤ መልኩና ፊደሉ እንደ ታየ፣ ሳይገመትና ሳይታረም፣ ይገልበጥ።
4. የተገኘበት ቀን፣ ስፍራው፣ ጥልቀቱ፣ አብሮት የተገኘው ሸክላ ወይም ሌላ ዕቃ፣ ያገኘው ሰው ስም በንዋየ ቅድሳት መዝገብ ይጻፍ።
5. ቁጥር ተሰጥቶት በደረቅ የወረቀት ፖስታ ተደርጎ በቁልፍ ይቀመጥ።
6. አስተዳዳሪው፣ ቄሰ ገበዙና የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ በአንድነት ይፈርሙ። የአንድ ሰው ፊርማ ለሐሜትም ለስርቆትም በር ይከፍታል።

፯. ዋጋው እንዴት ይታወቃል?

የሳንቲም ዋጋ ሦስት ነው። የመጀመሪያው በላዩ የተጻፈው ዋጋ ነው፤ ለ1 ብር ሳንቲምና ለውጭ ገንዘቦች የሚሠራው ይህ ነው። ሁለተኛው የማዕድኑ ዋጋ ነው፤ ለጠገራ ብር 23.39ን በዕለቱ የአንድ ግራም ብር ዋጋ ማባዛት ዝቅተኛውን ልክ ያሳያል። ከዚህ በታች የሚጠራ ገዢ እንኳን ለታሪኩ ለብሩም አልከፈለም ማለት ነው።

ሦስተኛው ሰብሳቢዎች የሚሰጡት ዋጋ ነው። እርሱም በአምስት ነገር ይወሰናል፦ እውነተኛነቱ፣ የዓይነቱ ጥቂትነት፣ የምስሉና የፊደሉ ደኅንነት፣ የፈላጊው ብዛት፣ እንዲሁም ከወዴት እንደ መጣ የሚያስረዳ ሕጋዊ ማስረጃ መኖሩ። በዚህ ሚዛን ማርትሬዛ እጅግ ብዙ ስለ ተመታ ዋጋው ከብሩ ብዙም አይርቅም። በ1887 ዓ.ም. መቀረጽ የጀመረው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ከእርሱ ይልቅ ይፈለጋል፤ ዓመቱንና የአንበሳውን ቅርጽ መመዝገብም ይገባል። ሳይፋቅ የቆየው ከተፋቀው እንደሚበልጥ ደግሞ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው።

የአክሱም ሳንቲም ግን በዚህ ሚዛን አይገባም፤ ለገበያ የሚቀርብ አይደለምና።

፰. ሕጉና የእኛ ሓላፊነት

በ1992 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 209 እንደሚያዝዘው፣ በቁፋሮም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ ማስታወቅና እስኪረከበው ድረስ ሳይጎዳ መጠበቅ አለበት። ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ያገኘው ሰው ሁኔታውን በዝርዝር ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ በጽሑፍ አስታውቆ ከሓላፊነቱ ሊወጣ ይችላል። አዋጁ ጠባቂውን ባዶ እጁን አይሰደውም፤ ቅርሱን ላስረከበ ሰው ተገቢ ወሮታ እንዲሰጠውና ያወጣው ወጪ እንዲተካለት ይደነግጋል። ለተቸገረ አጥቢያም ሆነ ለገበሬው ሕጋዊው መንገድ ይህ ነው።

ስለዚህ ግኝቱን ለወረዳ ቤተ ክህነትና ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቁ፤ ቅጂውንም ለሀገረ ስብከቱ ላኩ። ከድሮ ጀምሮ በዕቃ ቤት ያለ ጠገራ ብርም ቢሆን፣ ሀገረ ስብከቱ በጽሑፍ ሳይፈቅድና በባለሙያ ሳይታይ አይሸጥ። ስእለት የሰጠ ሰው የሰጠው ለታቦቱ ክብር ነውና፣ የኮሚቴው ሥልጣን በአደራ የመጠበቅ ሥልጣን መሆኑ አይዘንጋ።

በኮሚሽናችን ድጋፍ ጉድጓድና እርከን በሚሠራባቸው ቀበሌዎች፣ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ይህ መመሪያ ለሠራተኞቹ ቢነበብ መልካም ነው። ገበሬው ወሮታ እንዳለው አስቀድሞ ካወቀ አይደብቅም፤ ያገኘውን በጨለማ ለሚመጣ ገዢም አይሰጥም።

፱. የመወያያ ጥያቄዎች

- በአጥቢያችን ዕቃ ቤት ስንት የጥንት ሳንቲም አለ? በመዝገብ ላይ የሰፈረው ስንቱ ነው?
- መልኩንና ጽሕፈቱን አንብቦ በወረቀት የሚገለብጥ ማን ይመደብ?
- ገዢ ቢመጣ ከኮሚቴው ማን፣ ምን ብሎ ይመልስለት?
- በዚህ ዓመት ቁፋሮ የሚካሄድበት የልማት ሥራ የት ነው? ለሠራተኞቹስ ማን ያስተምር?

እነዚህን ጥያቄዎች በሚመጣው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ አንሥታችሁ መልሳቸውን በቃለ ጉባኤ እንድትይዙ አደራ እንላለን። ሥራውን ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ መዝገብ፣ ጥቂት የወረቀት ፖስታ፣ አንድ ማስመሪያና ሦስት ታማኝ ፈራሚዎች ይበቃሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።